በሳንባ ገብቶ አጥንት ውስጥ የሚቀረው

የአንባቢያን ጥያቄዎች እና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ሰሞኑን የማነበው ሁሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዓሣ ሜርኩሪ አለበት፣ ሩዝ አርሰኒክ አለበት፣ አትክልት ፀረ ተባይ ተረጭቶበታል ይባላል። በሳምንት ሁለቴ ዓሣ እበላ ነበር፤ አሁን እርም ብያለሁ። ልጄም የምግብ ፍላጎቱ ቀንሷል፣ ሆዱን እያመመው ያለቅሳል። እሱም ከምግብ ተመርዞ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ነገር ታበዢያለሽ» ይለኛል። እሱ ጓሯችን ውስጥ የመኪና ባትሪ እየጠገነ ነው የሚያስተዳድረን፤ ስለዚህ ለምግብ የሚሆን ገንዘብ አላጣንም። የጠፋኝ ምን እንደምበላ ነው።

*የተጨነቀች እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዓሣውም ስለ ሩዙም እመልስልሻለሁ። ዓይኔ ግን እየተመለሰ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጻፍሻት አንዲት መስመር ላይ ነው። ባለቤትሽ ባትሪ የሚጠግነው ጓሮ ውስጥ ነው። ካነበብሻቸው መርዞች ሁሉ በላይ ለልጅሽ የሚያሰጋኝ አንቺ ስሙን እንኳ ያላነሣሽው እርሳስ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

የመኪና ባትሪ ሆዱ ሲከፈት አብዛኛው እርሳስ ነው። ሰሌዳዎቹ ሲፋቁ ደቃቅ ግራጫ አቧራ ይነሣል፤ እርሳሱ ሲቀልጥ ደግሞ ጭሱ በትንፋሽ ይገባል። አቧራው ጫማ ላይ ተጣብቆ ቤት ይዘልቃል። ከሥራ ልብስ ላይ ወደ ፍራሹ፣ ወደ ወንበሩ፣ ወደ ሕፃን ብርድ ልብስ ይጋባል። የሦስት ዓመት ልጅ የሚውለው ወለል ላይ ነው፤ እጁም ከአፉ አይጠፋም። አንድ አዋቂና አንድ ሕፃን እኩል እርሳስ ቢውጡ የሕፃኑ አንጀት ከአዋቂው አራት አምስት እጥፍ ወደ ደሙ ያስገባል።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የገጠመኝን አንድ ልጅ ልንገርሽ። አራት ዓመቱ ነበር። ሆዱን ያመዋል፣ ሆዱ ይደርቅበታል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ይነጫነጫል። መጀመሪያ የትል መድኃኒት፣ ቀጥሎ የአሜባ መድኃኒት አዘዝኩለት። ሁለቱንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ጊዜ ያመጣው አባቱ ነበር። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያጫውተው የጫማውን ስፌት ተከትሎ የገባ ግራጫ ዱቄት አየሁ፤ ጥፍሮቹ ሥርም ያው ግራጫ ነበር። «ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት። ያቺን ጥያቄ ከሁለት ወር በፊት እናቱን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው አቧራ ላይ ሲድህና ሲጫወት ባልከረመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሆዱን ያመመው ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅን ሥራውን ሳልጠይቅ አልሸኝም። የልጅሽ ሕመም የግድ ከእርሳስ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሳይመረመር ግን መታለፍ የለበትም እላለሁ።

የእርሳስ ክፋቱ ሰውነታችን ካልሲየም መስሎት መቀበሉ ነው። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። የቀነሰው ግን ሁሉም በሽንት ወጥቶ አይደለም። ከፊሉ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ገብቶ ለዐሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ የፅንሱ አጥንት የሚሠራበት ካልሲየም ከምግቧ ካልበቃ ከራሷ አጥንት ይወሰዳል፤ ያኔ ተኝቶ የከረመው እርሳስ አብሮ ይነሣል። የእንግዴ ልጅ አያግደውም። ለዚህ ነው ላንቺ ምግብ መቀነስን ሳይሆን መጨመርን የማዝዝልሽ። ወተትና እርጎ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ ለካልሲየም፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሥጋ ለብረት። ብረት ያነሰው አንጀት እርሳስን የበለጠ ይስባልና የልጅሽም ሳህን ከነዚህ አይጉደል። የነፍሰ ጡር የብረት እንክብል ተሰጥቶሽ ከሆነ አታቋርጪው።

አሁን ወደ ሥራው። ሦስታችሁም የደም እርሳስ ምርመራ ያስፈልጋችኋል፤ አንቺም፣ ልጅሽም፣ ባለቤትሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ከ5 በታች ከሆነ ሰላም ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም። በአነስተኛ መጠንም ቢሆን የሕፃንን የማሰብና ትኩረት የመስጠት ችሎታ ይጎዳል። በአዋቂ ላይ ደግሞ የደም ግፊት ያመጣል፣ ኩላሊት ያደክማል። መጠኑ በጣም ሲበዛ እርሳሱን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ነገር ግን መድኃኒቱን ወስዶ ወደዚያው አቧራ የሚመለስ ልጅ እንደገና ይሞላል።

ባለቤትሽ በላቡ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ይህንን ስታነቢለት እንደ ክስ እንዳይሰማው እፈራለሁ። ከሁላችሁም አብልጦ እርሳሱን የሚተነፍሰው እሱ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪው። መፍትሔው ሥራው ከመኖሪያ ግቢ መውጣቱ ነው። ያ እስኪሆን እርሳስ ማቅለጥ ዛሬውኑ ይቁም። ልብሱንና ጫማውን ደጅ ይቀይር፣ ገላውን ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ። የሥራ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር በአንድ ገንዳ አይታጠብ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አንሥቶ እንደገና አየር ላይ ይበትነዋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ። ይህን አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ቢሠራው ደግሞ ይመረጣል። ልጁ ጓሮ አይውጣ፤ ከመብላቱ በፊት ሁልጊዜ እጁ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ ጓሮ አፈር የበቀለ አትክልት፣ እዚያ ሲጭር የዋለ ዶሮ የጣለው እንቁላል ከገበታችሁ ይቅር።

ወደ ዓሣው ልመለስ። ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አልልም። በጃፓን ሚናማታ የሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ቺሶ የተባለ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለዓመታት ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲለቅ ኖሯል። ሜርኩሪው ውኃ ውስጥ ጠፍቶ አልቀረም። ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳት ውስጥ ተከማቸ። መጀመሪያ ዓሣ የሚበሉት ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ይሞቱ ጀመር፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሰዎች ላይ የታየው በሽታ በይፋ ታወቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው እናቶቹ እምብዛም ሳይታመሙ ልጆቻቸው አእምሯቸውና እጅ እግራቸው ተጎድቶ መወለዳቸው ነው። ዓሣ ውስጥ የሚከማቸው የሜርኩሪ ዓይነት፣ ሜቲል ሜርኩሪ፣ የእንግዴ ልጅን አልፎ ፅንሱ ላይ ይከማቻል።

ሆኖም ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም። ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፣ ትልቁን ደግሞ ግዙፉ፤ ሜርኩሪውም በየእርከኑ እየበዛ ይሄዳል። ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣ፣ ማርሊን፣ ቢግአይ ቱናን የመሳሰሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ አዳኝ ዓሦች ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ሳርዲንና ሌሎች ትንንሽ ዓሦች ግን ሜርኩሪያቸው ጥቂት ነው፤ ለፅንሱ አእምሮ የሚጠቅመው ስብም አላቸው። ስለዚህ እርምሽን ፍቺ፤ በሳምንት ሁለቴ ትንንሹን ዓሣ ብዪ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ ሜርኩሪው ከዓሣው ሥጋ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ በመቀቀልም በመጥበስም አይወጣም። ቁምነገሩ የዓሣው ዓይነት ላይ ነው።

ሩዝ ውኃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል ከአፈሩ አርሰኒክ ይስባል። በብዙ ውኃ ቀቅለሽ ውኃውን አጥልለሽ ድፊው፤ ከሌላ እህልም ጋር አፈራርቂው፤ ይበቃል። አትክልትና ፍራፍሬ በሚፈስ ውኃ በእጅሽ እያሸሽ እጠቢ። ፀረ ተባይ ፈርቶ አትክልት መተው ከፀረ ተባዩ የባሰ ጉዳት አለው፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ጊዜ አትክልት ያስፈልግሻል። የምርመራውን ውጤት ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት የልቤ ደም ሥር ጠቦ ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገብቶልኛል። ሐኪሜ በየቀኑ በእግር እንድሄድ አዞኛል፤ እኔም ማለዳ ተነሥቼ ቤቴ ፊት ለፊት ባለው ዋና መንገድ ዳር ዳሩን 45 ደቂቃ እሄዳለሁ። ሴት ልጄ «የመኪናው አየር ይጎዳሃል፣ ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ» ትላለች። ጭስ አላይም፣ አልሳልም። ያመመኝም ልቤ እንጂ ሳንባዬ አይደለም። ቤት ብቀመጥስ ምን ሠርቼ? ምግብ የምናበስለው በከሰል ስለሆነ ኩሽናችን ከመንገዱ የባሰ ነው። እባክዎ ያስታርቁን።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ስለ አየሩ እውነቷን ነው፤ እርስዎ ደግሞ መሄድዎን አለማቆምዎ ትክክል ነው። መተው ያለብዎት እርምጃውን አይደለም፤ ያንን መንገድና ያንን ሰዓት ነው።

«ያመመኝ ልቤ እንጂ ሳንባዬ አይደለም» ያሉት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ያስባልና። ከመኪና ጭስ፣ ከከሰልና ከእንጨት ቃጠሎ ከሚወጣው ብናኝ ሁሉ አደገኛው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ከሃያ አምስት በላይ ብናኞች ተደርድረው ነው የአንዲት ጠጉር ስፋት የሚሞሉት። ይህን የሚያክል ነገር በዓይን አይታይም፣ አፍንጫም አያስቀረውም። የሳንባ መጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ የሚቀሰቅሰው መቆጣት በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ ደም ቶሎ እንዲረጋ፣ የደም ሥር ግድግዳ እንዲታመም ያደርጋል። እጅግ የደቀቀው ብናኝ ራሱ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውጭ ባለ የአየር ብክለት ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 4.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ጊዜያቸው እንደ ሞቱ ይገምታል። ከነዚህ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑትን የገደላቸው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። እናም ስቴንት ላለው ልብ የመንገድ አየር ትልቅ ጉዳይ ነው።

ጭስ አለማየትዎም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ የከሰል ጭስና ጉም ተደባልቆ ለአምስት ቀን ሲተኛ ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተስኖት ነበር። ያኔ 4,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተነገረ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አደረሱት። በዚያችው ከተማ፣ ሰማዩ ከጠራ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ኤላ አዱ ኪሲ ደብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትኖር ነበር። ቤታቸው መኪና ከሚበዛበት ቀለበት መንገድ ጥቂት ሜትሮች ይርቃል። ከባድ አስም ነበረባት፤ ሆስፒታል እየገባች እየወጣች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ሞተች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የአሟሟቷን ምክንያት ያጣራው መርማሪ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ፤ በብሪታንያ እንዲህ ያለ ውሳኔ የመጀመሪያው ነው። ከውሳኔው ውስጥ ከልቤ የማይወጣው አንድ ነጥብ አለ። ስለ አየሩ ጉዳት ለእናቷ የነገራት አልነበረም፤ ቢነገራት ኖሮ የልጇን ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል እርምጃ ትወስድ ነበር ይላል። እኔም ለታካሚዎቼ የመንገዱን ነገር ሳልነግር የማልሸኛቸው ለዚህ ነው፤ የእርስዎም ሐኪም «ይሂዱ» ሲል የት እንደሚሄዱ ጨምሮ ቢጠይቅዎ ደግ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከዋናው መንገድ ገባ ይበሉ። ከመኪናው የሚወጣው ብናኝ ከመንገዱ በራቁ ቁጥር ቶሎ ይሳሳል፤ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ውስጥ ለውስጥ መግባት ብቻውን ብዙ ያተርፋል። ዛፍ ያለበት፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ ይምረጡ። ሰዓቱንም ይቀይሩ። ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ ጭሱን እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል፤ በዚያ ላይ የሥራ መግቢያ ሰዓት መኪና ይጨመርበታል። ፀሐይ ሞቅ ካደረገች በኋላ ቢወጡ ይሻላል። ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ማስክ ካደረጉ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመውን ኤን 95 የተባለውን ያድርጉ። ሆኖም እሱን አድርጎ ፈጠን ብሎ መሄድ ትንፋሽ ስለሚያከብድ ለእርስዎ መንገዱን መቀየር ይቀላል።

ስለ ኩሽናው ያሉት ግን የደብዳቤዎ ትልቁ ነገር ነው። ምግብ በከሰል፣ በእንጨትና በኩበት በሚበስልበት ቤት ያለው ብናኝ ከመንገድ ዳሩ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። እርስዎ ስለ መንገዱ ከልጅዎ ጋር ሲከራከሩ ምድጃው ፊት የሚቀመጠው ማን ነው? እሱን ደግሞ ይጠይቁልኝ። ኤሌክትሪክ ወይም ጋዝ ከተቻለ ይቀየር። ካልተቻለ ምድጃው ደጅ ይውጣ፤ ቢያንስ በርና መስኮት ትይዩ ይከፈት። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ሰው ይዘናጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያኔም ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ሂሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ለተጎዳ ልብ ይህ የባሰ ነው። ፍም ያለበት ማንደጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል በጭራሽ አይደር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 24 ዓመቴ ነው። ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ቆሻሻ ከነፕላስቲኩ ያቃጥላሉ፤ ጭሱ በመስኮቴ ይገባል። ሰውነቴ ውስጥ መርዝ እንዳይጠራቀም ብዬ ለ21 ቀን የሚጠጣ «መርዝ አስወጋጅ» መጠጥ ገዛሁ። ሰባቱን ቀን ጠጣሁ፤ የቀረውን ልቀጥል?

መልስ፦ አትቀጥል፣ ወንድሜ። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ መጠጥ የሚያከብደውም እነሱን ነው። ሰባቱን ቀን ከጠጣህ በኋላ ዓይንህ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትህ ከጠቆረ ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ።

የፈራኸው ነገር ግን እውነተኛ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፒ ቪ ሲ ቱቦና የሽቦ ልባስ፣ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ከጭሱ ጋር የምትተነፍሰው ጥቂት ነው። ቀሪው ሣር ላይ ያርፋል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ስቡና ወተቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ለሁላችንም ይመለሳል። ሰው ከሚያገኘው ዳይኦክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በምግብ፣ በተለይም በሥጋ፣ በወተት ተዋጽኦና በዓሣ ነው። አንዴ ስባችን ውስጥ ከገባ ግማሹ እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። የ21 ቀን መጠጥ ከዚህ ላይ ምንም አያነሣም።

ምንጩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ግን አይተናል። አሜሪካ ውስጥ ከእርሳስ ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን በስፋት ይነዳ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች በዴሲሊትር ደም በአማካይ 15 ማይክሮግራም እርሳስ ነበረባቸው። ቤንዚኑ ቀረ፤ እርሳሱም ከቀለምና ከምግብ ቆርቆሮ ወጣ። ዛሬ አማካዩ ከ1 በታች ነው። እነዚያ ልጆች የጠጡት መድኃኒት አልነበረም። ለመኪና የሚሸጥ ባለ እርሳስ ቤንዚንን በመጨረሻ ያቆመችው አገር አልጄሪያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021።

ጭሱ ሲነሣ መስኮትህን ዝጋ፣ ሲያልፍ ክፈት። ከዚያ ግን በቀን፣ እሳት ባልነደደበትና ማንም ባልተቆጣበት ሰዓት፣ ጎረቤቶችህን ሄደህ አነጋግር። ቆሻሻውን ሁሉ ካላቆሙም ፕላስቲኩን፣ ቱቦውንና ሽቦውን ለይተው ያስቀሩ። የገዛ ልጆቻቸው ከአንተ ይልቅ ለእሳቱ ይቀርባሉና ከዚያ ጀምርላቸው። ያሉህን ጻፍልኝ።